የአያ ጅቦ ጢም

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በበሽሎ ገደል አፋፍ፣ በስማዳ ቆላ አንዲት ፍየል ነበረች። የወተት ጥርሷን ሳትነቅል ለጎረቤት አውራ ዳሯት፤ ወልዳ ሳትጠና ተፈታች። ያን ዓመት ዝናቡ ቀረ፣ ቁጥቋጦው ደረቀ። ግልገሏን አስከትላ ዳገቱን ተያያዘችው፤ ከወገዳ አርብ ገበያ፣ ከአርብ ገበያ ነፋስ መውጫ።

ከወረታ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር እመት ጦጢት ተቀምጣ ወጪ ወራጁን ታያለች። የፍየሏን እግር አየች፤ ሰኮናው ተሰንጥቋል። ጡቷን አየች፤ ሞልቷል።

“ልጄ፣ ሥራ አለ። እንግዳ ማስተናገድ ብቻ ነው። ማደሪያም አታጪም” አለቻት።

ማደሪያው የጃርት ዋሻ፣ ሥራው በጨለማ ወተት መሸጥ ሆነ። ከአራት ቅል ወተት የሁለቱ ዋጋ ለጃርት የዋሻ ኪራይ፣ የአንዱ ለጦጢት የድለላ፣ የቀረው አንዱ ለፍየሏ። እናቱ ለሌላ ስትታለብ ግልገሉ ገለባ ማኘክ ለመደ።

ወሬው አገር አዳረሰ። አራዊት ሁሉ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚዘልቀው በጉና ተራራ ላይ ለሸንጎ ተሰበሰቡ። በማያውቁት አገር ቁርበት የሚያስነጥፈው አያ ጅቦ፣ በሚያውቁትም አገር አስነጥፎ ተጎለተ።

“የሌሊት ወተት አገራችንን አዋረደ! ለሻጯ ተግሣጽ አልበቃትም፤ ቅጣቱ ይጥበቅ። መጀመሪያ የተያዘች አንድ ጆሮዋ፣ የደገመች ሁለቱም ይቆረጥ!”

ጭላዳዎች አጨበጨቡ። ጸሐፊው ቀበሮ በብራና አሰፈረ። ጃርትም “የምንፈልገው ጨዋ ሰፈር ነው” ብሎ ደገፈ።

ከኋላ አንዲት አሮጌ አህያ ጆሮዋን አቆመች። ከእስቴ ጤፍ ጭና የመጣች ናት፤ ማታ ማታ የምትታሰረው ከዋሻው ደጅ ነው።

“ጌቶቼ፣ የገዢውስ ቅጣት ስንት ነው?”

ሸንጎው ጭጭ አለ።

“ምን ገዢ አለ? ወተቱ ነው እየተጣራ የሚያሳስተው” አለ አያ ጅቦ።

“እንዲያ ከሆነ ደግ። ብቻ ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ከዋሻው የወጣችሁ፣ አረፋው ጢማችሁ ላይ ደርቋል።”

አያ ጅቦ መዳፉን ወደ አፉ ሰደደ። ቀበሮ ብዕሩን ጥሎ አፍንጫውን በጅራቱ አበሰ። ጭላዳዎቹ ጭብጨባውን ትተው ከንፈራቸውን ጠረጉ። እጃቸውን ወደ አፋቸው ካልሰደዱት አንዱ ወተት ከቀመሰ የሰነበተው ግልገል ነበር።

“‘አህያውን ፈርቶ ዳውላውን’ እያላችሁ ስትተርቱ ስሜን ብቻ እሰማ ነበር፤ ዛሬ ዳውላዋን በዓይኔ አየኋት” አለች አህያ፣ ፍየሏን እያየች።

ሕጉ ግን ያለ ተቃውሞ ጸደቀ።

በሳምንቱ ጦጢት ድርሻዋን ከአንድ ቅል ወደ ሁለት አሳደገች፤ “መደበቅ ወጪ አለው ልጄ” አለች። ለፍየሏ የተረፈ የለም። አንድ ሌሊት አያ ጅቦ ጠጥቶ ሳይከፍል ሄደ፤ በሌላው ሌሊት ትከሻዋን ነከሳት። ጩኸቷን ዋጠችው፤ ብትጮህ የሚቆረጠው የእሷው ጆሮ ነው። በዓመቱ ጥርሷን ያልነቀለች ሌላ ፍየል ከበሽሎ ወጣች። ጦጢት ከመንገዱ ዳር አልተነሳችም ነበር።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።

እኛ ዘንድ የተጻፈው ሕግ ከጉናው ሸንጎ ይሻላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ገላን መሸጥን በራሱ ወንጀል አላደረገውም። አንቀጽ 634 የሚይዘው በሌላዋ ገላ የሚተዳደረውን ደላላና ለዚሁ ቤት የሚከፍተውን ነው፤ ጦጢትንና ጃርትን መሆኑ ነው። ሴቶችንና ልጆችን ለዚህ የሚያዘዋውርም በሕግ በጽኑ እስራት ይቀጣል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ ይህ በስማዳ ቆላ ቢከበር ኖሮ ፍየሏ ዳገቱን ባልወጣች።

ስለዚህ “በሴተኛ አዳሪዎች ላይ ሕጉ ይጥበቅ” የምትል ወንድሜ፣ ይጥበቅ፤ ደላላው ላይ፣ ልጁን ያለ ዕድሜዋ የሚድረው ላይ ይጥበቅ። ግን ለንግግር ከመነሳትህ በፊት ጢምህን ዳስስ።