እንግዳ ተቀባይነታችን በዕለቱ ምንዛሪ

እንግዳ ተቀባይነታችንን የሚጠራጠር ሰው በ2014 ዓ.ም. ቦሌን ቢያይ ኖሮ አፉን ይይዝ ነበር። ለገና አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ አገሩ ይግባ ተብሎ ጥሪ ሲተላለፍ አበባው፣ ባንዲራው፣ እስክስታው፣ የቲኬትና የሆቴል ቅናሹ ተሰናድቶ ጠበቀ። በዚያው ዓመት መጋቢት አንድ መቶ ሺህ ያህል ዜጎችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ማቆያዎች ለመመለስ በረራ ተጀመረ። እነሱም አልተረሱም። ተመዘገቡ፣ በሉ፣ ጊዜያዊ ማረፊያ ገቡ፣ ወደየቀያቸው ተሳፈሩ። እስክስታውን ምን ያደርጉታል? ደክሟቸዋል።

አድልዎ ነው የሚሉ አሉ። ሥርዓት አለማወቅ ነው። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት ቢጫ ካርድ ያወጣል፤ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል። ፓስፖርታችንን የመለሰልን ሰው ካርድ ይበዛበታል? ያንኑ ፓስፖርት ይዛ የኖረችው፣ ለዚያውም ቤይሩት አሠሪዋ ቁም ሣጥን ውስጥ የቆለፈችባት፣ ምን ካርድ ያስፈልጋታል? ዜጋ ናት። ዜጋ ደግሞ ወረፋ ያውቃል።

ዲያስፖራው ራሱ ለክብሩ ይደክማል። ቦሌ ካፌ ቁጭ ብሎ የታሸገውን ውሃ ክዳን ገልብጦ ያያል፣ አስተናጋጇን ስለ ሰዓት አክባሪነት ይመክራል፣ «እኛ አገር እንዲህ አይደለም» ይላል። አገሩ ሜሪላንድ መሆኑ ነው። እኛም «እውነትዎን ነው ጋሼ» እያልን አንገታችንን እንነቀንቃለን። ምክሩ በነፃ አይደለም፤ ሒሳቡ ሲመጣ እናካክሳለን። ደላላውም ስልኩን አንስቶ «ዲያስፖራ ነው» ካለ፣ ሰውየው ቤቱን ሳያይ ኪራዩ ሁለት ፎቅ ወጥቶ ይጠብቀዋል።

በዚህ መሀል አንድ ነባር ተከራይ፣ አስተማሪ ይሁን ነርስ፣ «ልጄ ሊገባበት ነው» ተብሎ ቤት ይለቃል። የገባው ግን የአከራዩ ልጅ ሳይሆን ከዳላስ የመጣ የሰው ልጅ ነው። ተባራሪው አከራዩን አይረግምም፤ ነገም ቤት ሊያስፈልገው ይችላል። ዲያስፖራውን ይረግማል። ዲያስፖራው በበኩሉ «ሕዝቡ ተበላሽቷል» ብሎ ያማርራል። አከራዩ ሁለቱንም በትዕግሥት ያዳምጣል፤ ታጋሽ ሰው ነው።

የዓረብ አገሯ ልጅ ግን ኪራይ አታስወድድም፣ ማንንም አትመክርም። እንዲህ ያለች ሰው በምን ትከበራለች? አንዷን አውቃታለሁ። ከሪያድ በየወሩ ስትልክ የሰፈሩ ኩራት ነበረች፤ እናቷ ለዕቁብ ጸሐፊው ሰላምታ የሚሰጡት በእሷ ስም ነበር። ተይዛ በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ስትመለስ ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ። ጎረቤት ግን ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም፤ ሻንጣው ወደ ኋላ የቀረ መስሎታል። በሦስተኛው ሳምንት «ዓረብ አገር ከርማ ምን ይዛ መጣች?» ተባለ። እንቅልፍ እንቢ ሲላት ደግሞ «ጭንቅላቷን ነክቷታል» ተባለ፤ ምርመራውን ያደረጉት እዚያው ቡናው ላይ የነበሩት ሴቶች ናቸው።

የላከችውን ብር ጠየቀች። ስድብ ነው! ቤተሰብ ይተሳሰባል እንዴ? ግማሹ ቆርቆሮ ሆኗል፣ ግማሹ ተበልቷል፣ የቀረው ወንድሟ የሚነዳው ባጃጅ ነው። ባጃጁ ግን በወንድሟ ስም ነው፤ ሴት ልጅ ሊብሬ ምን ያደርግላታል? አንድ ቀን እሷም ተሳፍራ ወረደች። ሒሳብ ተቀበላት፤ ሥራና ዝምድናን አይቀላቅልም።

ሰሞኑን ታዲያ ደላላ አግኝታለች፣ ፓስፖርት ልታሳድስ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። የእናት ቤት በአንድ ሌሊት ሞቀ። ለራት ዶሮ ተሠራ፣ እንቅልፏም ተሽሏታል ተባለ። ወንድምየው «እህት ዓለም» ብሎ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ ኢሚግሬሽን ድረስ በነፃ አደርስሻለሁ አላት።