የደረጃው ኩርፊያ

በርበሬ ያዘጋጀ ሰው ድካሙን ያውቀዋል። ዛላው ተገዝቶ፣ ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተደልዞ፣ ከዚያ በኋላ ፀሐይ መለመን ነው። የኮንዶሚኒየም ሰው ደግሞ ያለው ፀሐይ በረንዳው ላይ የምትወርደው ብቻ ናት። እኔም እዚያው ማዳበሪያ ዘርግቼ አሰጣሁትና ክፍለ ሀገር ለልቅሶ ሄድኩ። ስመለስ ከላይኛው ፎቅ ውሃ ሲንጠባጠብበት ከርሞ መሐሉ ጠቁሯል፤ የተጓጎለውን በጣቴ ስፈረፍረው ውስጡ ነጭ ሻጋታ አብቅሏል።

ባለቤቴ «ጎረቤት ናቸው፣ ተይው» አለኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። አልፈጀውም። የላይኛዋን ጎረቤታችንን ላለማግኘት ከቤት ከመውጣቴ በፊት ኮቴ ማድመጥ ጀመርኩ። አንድ ቀን ጠዋት እሳቸው ደረጃው ላይ ቆመው ከጥበቃው ጋር ሲጫወቱ፣ እኔ ከበሬ ጀርባ እስኪሄዱ ስጠብቅ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ጥሎኝ ሄደ። የታክሲውን ሰልፍ አልፌ ቢሮ ስደርስ አለቃዬ በር ላይ ነበሩ። ይኼስ ይሁን። ልጄ ከልጅ ልጃቸው ጋር ኳስ መጫወት ሲያቆም ግን አንጀቴን በላኝ፤ ማንም አልከለከለውም፣ ፊቴን አይቶ ነው።

መራቅ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ጠጥቶ ከሚዝት ዘመድ ፊት ዞር ማለት ደግ ነው። እጅ የሚያነሳባትን ባል ሸሽታ የመጣችን ሴት «ቻይው» ብለው የሚመልሱ ሽማግሌዎችም በደል ይሠራሉ፤ እሷ መሄድ አለባት። ደግሞ ንዴት እስኪበርድ መለየትን ሕጉም ያውቀዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ፍርድ ቤት ፍቺ ለጠየቁ ባልና ሚስት ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። እኔን ደስ የሚለኝ ገደብ ያለው መሆኑ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ተመልሶ መነጋገር አለ። ኩርፊያ ግን ቀጠሮ የለውም። የወሎ አበጋሮች ደም የተቃቡትን ሳይቀር በሚያስታርቁበት አገር፣ በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ሰዎች ለበርበሬ ቃል አጥተን ከረምን።

ከዚያ ብሎካችን ውስጥ ሐዘን ሆነ። የዕድሩ ሴቶች ሽንኩርት ላይ ሲመድቡን ከእሳቸው ጋር አንድ ሳፋ ደረሰን። ትንሽ እንደላጥን እሳቸው ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ ሰላምታ የነሳሽኝ ምን በድዬሽ ነው?»

ነገርኳቸው፤ በርበሬውንም፣ ሰርቪሱንም፣ የልጆቹንም ነገር። ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«ታዲያ ያኔውኑ በሬን አታንኳኪም ነበር?»

ውሃው ወደ እኛ እንደሚወርድ አያውቁም ነበር። በማግስቱ ወጥቼ አብረን አየነው፤ የበረንዳቸው የፍሳሽ ቱቦ ተሰንጥቋል። ልጆቹ የዚያኑ ዕለት ኳሳቸውን ይዘው ወረዱ። የቱቦውን ማሠሪያ ማን ይክፈል በሚለው ግን እስካሁን አልተስማማንም፤ እሳቸው ከብሎኩ መዋጮ ይሁን ይላሉ፣ እኔ ከባለቤቱ እላለሁ። ትናንትም ደረጃው ላይ ቆመን ስንከራከር አመሸን።