ጋሼ፣ ምልክት ብቻ ያድርጉልኝ!

ዘንድሮ ከለማኝ እኩል በር የሚያንኳኳው ተመራማሪ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ለማስተርስ ማሟያዋ «የመምህራን የሥራ እርካታ» የሚል ወፍራም መጠይቅ ይዛ መጣች። ዕድሜ ልኬን የጠመኔ ብናኝ ስምግ ስለ እርካታዬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅማ! ቡና አስፈላሁላት፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ከመጀመሪያው ደመወዜ ጀመርኩላት።

«ጋሼ፣ ምልክት ብቻ ያድርጉልኝ» አለች፣ ስልኳን እያየች።

አምስት ሣጥን ተደርድሯል፤ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም»። «በደመወዜ ረክቻለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ስድስተኛ ሣጥን እንድትጨምርልኝ ለመንኳት። የለም። ከወረቀቱ ጀርባ ልጽፍ ስል «ኤስፒኤስኤስ አይቀበለውም» ብላ እስክሪብቶውን ቀማችኝ። ያ የኮምፒውተር ፕሮግራም አልተቀበለውም እንበል፤ አማካሪዋስ? እሱ እቴ! የሚያየው የመስመሩን ክፍተት ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ አምስተኛው ምዕራፍ ምን እንደሚል ሳልገልጠው ልንገራችሁ፦ «የሚመለከታቸው አካላት ትኩረት ሊሰጡት ይገባል»። እነዚህን አካላት ስንት ዓመት ፈለግኋቸው መሰላችሁ!

ልጅቷ ላይ አልፈርድም፤ ያስተማራት ስላይድ ነው። እኛን ግን ሰው ነው ያስተማረን። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ሳይመረቁ ለአንድ ዓመት እንዲያስተምሩ ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር። እኔን ያስተማረኝ ከነዚያ አንዱ ነው። ጥያቄ ሲከብደው «አንብቤ ነገ እመጣለሁ» ይለናል፤ አንብቦም ይመጣል። በ1997 ደግሞ ፕላዝማ ቴሌቪዥን መጣና ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት ክፍሌን ወረሰው። በእንግሊዝኛ ይንጣጣ ነበር፤ ተማሪው እጁን ቢያወጣ አያይም፣ መብራት ሲጠፋ ግን ከኔ ቀድሞ ይወጣል። ዛሬ መምህሩ ስላይዱን ቴሌግራም ላይ ይጥለውና ደህና ዋሉ ነው።

የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገር ጉድ አለ። በላዩ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ! ከ2015 ጀምሮ ተመራቂውም የመውጫ ፈተና ይፈተናል። ፈተና ይቅር አላልኩም፤ ቁጥጥሩ መጥበቁም ደግ ነው። ግን ሲገባ ፈተና፣ ሲወጣ ፈተና፣ መሃሉን ማን ያስተምረው?

እባካችሁ የዩኒቨርሲቲ ሹማምንት፣ ለመሃሉ ዓመታት የተማሪውን ስም የሚያውቅና የጻፈውን የሚያነብ መምህር መድቡ፤ ደመወዙንም ቢያንስ የቤት ኪራይ የሚችል አድርጉለት።