ፎቶን ሳያዩ የማኖር ጥበብ

የስልክዎ ጋለሪ ውስጥ ስንት ሺህ ፎቶ እንዳለ የማያውቁ ከሆነ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ይህ ምክር እርስዎን አይመለከትም። የተጻፈው ገና መንገዱ ላልገባቸው ነው፦ ማታ አረፍ ሲሉ ፎቶ ለሚመርጡ፣ የደበዘዘውን ለሚያጠፉ፣ ይባስ ብለውም ወደ ኋላ ተመልሰው ለሚያዩ። እነዚህ ወገኖች ፎቶ የሚነሳው ለመታየት ይመስላቸዋል። ያ ድሮ ቀረ። ዛሬ ፎቶ የሚነሳው ለመቀመጥ ነው፤ ተቀመጠ ከተባለ ሌላው ትርፍ ድካም ነው። እንግዲህ ልብ ብለው ያንብቡ። ደንቦቹ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹንም ምንም ሳያደርጉ መፈጸም ይቻላል።

አንደኛው ደንብ፦ አይምረጡ። መምረጥ የቆየ በሽታ ነው። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን በ1975 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሲሠራ እንኳ በሽታው አልለቀቀውም። ካሜራው 3.6 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ አንዷን ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሳሰን አንድ ካሴት የሚይዘውን የፎቶ ብዛት 30 ላይ ገታው፤ የዘመኑ ጥቅል ፊልም 24 ወይም 36 ስለነበረ መሃሉን መያዙ ነው። ሰው ከፊልም ነፃ የሚያወጣ ዕቃ በገዛ እጁ ሠርቶ ሲያበቃ እንዴት ተመልሶ በ30 ያጥረዋል? እኛም አገር ነገሩ የተሻለ አልነበረም። ባለ 36ቱን ፊልም ጭኖ ሠርግ ቤት የሚገባ ፎቶ አንሺ ጣቱን ካሜራው ላይ አድርጎ ሰውን እያስጨነቀ ይጠብቅ ነበር፦ ሙሽራዋ ጉልበት ስትስም አንድ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ አንድ፣ ሚዜዎቹ ተሰልፈው አንድ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ታጥቦ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

እርስዎ እንደዚያ አይሁኑ። የልጅዎ ልደት ላይ ሻማው ከመጥፋቱ በፊት ቢያንስ ሃያ ያንሱ። ልጁ ሊነፋ ጉንጩን ሲሞላ «ቆይ! ቆይ!» ይበሉት። ጉንጩን እንደሞላ ይቆይ። አክስቱ በጎን፣ አጎቱ ወንበር ላይ ቆሞ ያንኑ ያንሱ። ሰማያዊው ሰም ክሬሙ ላይ መንጠባጠብ ሲጀምር «በል አሁን ንፋ» ይባል። «እኔ አላነሳሁም!» የሚል ሰው ስለማይታጣ ሻማው እንደገና ይለኮስ። ልጁ ማልቀስ ሲጀምርም ማንሳትዎን አያቋርጡ። ከተነሱት ሁሉ አንዷ በጣም ጥሩ ናት፤ የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ መሞከር ግን ደንቡን መጣስ ነው።

ሁለተኛው ደንብ፦ አይለዩ። ጋለሪ ውስጥ ሁሉም እኩል ነው። የላኩት ገንዘብ መድረሱን የሚያሳይ የቴሌብር ስክሪንሾት፣ የመብራት ቆጣሪ ቁጥር፣ ፋርማሲ ለፋርማሲ የዞሩበት የሐኪም ማዘዣ፣ የመታወቂያዎ ፊትና ጀርባ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያገኙት የደላላ ስልክ፣ ኪስ ውስጥ ሆኖ ስልኩ በራሱ ያነሳው ጨለማ፣ እናትዎ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ደረሰኝ። በዚህ ላይ ከወዳጅ ዘመድ የሚላከው አለ። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ በጽጌረዳ ያጌጠ «ጁምዓ ሙባረክ»። የዕድሩ ግሩፕ፣ የቤተሰቡ ግሩፕ፣ የድሮ ክፍል ጓደኞች ግሩፕና የተማሪ ወላጆች ግሩፕ ያንኑ ምስል በየተራ ያደርሱዎታል። ዋትስአፕ ቅንብር ውስጥ ገብቶ የሚላኩ ፎቶዎች ጋለሪ ውስጥ እንዳይታዩ መከልከል ይቻላል፤ አንዲት ምልክት ማጥፋት ብቻ ነው። ቴሌግራምንም በራሱ እንዳያወርድ ማዘዝ ይቻላል። እንዳያደርጉት። ምርቃት አይመለስም።

ሦስተኛው ደንብ፦ ዘመኑን ያደባልቁ። አያትዎ የተዳሩበት ፎቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል እንበል። ሪያድ ያለችው እህትዎ «በሞቴ፣ ያቺን ፎቶ!» ብላለች። ፎቶውን ከግድግዳው አያውርዱት፤ መስታወቱንም አይወልውሉ። አምፖሉ እንደበራ ከፊቱ ቆመው ያንሱት፤ የሙሽራው ደረት ላይ የእርስዎ ጥላ ከነስልኩ ቢያርፍ የበለጠ ያምራል። ከዚያ በዋትስአፕ ይላኩ። ዋትስአፕ ፎቶውን ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ መቼና የት እንደተነሳ ውስጡ የተመዘገበውንም መረጃ ገፎ ይጥላል። የእህትዎ ስልክ በደረሰው ቀን ይመዘግበዋል። እሷ ዋሽንግተን ላለው አጎት ትልካለች፤ አጎት ጠርዙ አላምር ብሎት በስክሪንሾት ይቆርጠውና ለቴል አቪቯ የአክስት ልጅ ያሻግረዋል። ሲዞር ከርሞ ለእርስዎ ተመልሶ ሲደርስ የሙሽራዋ ፊት ጭጋግ ሆኗል፤ አያትዎ ያገቡት ባለፈው ማክሰኞ መሆኑን ግን ስልኮች ሁሉ ይስማሙበታል። ቴሌግራም ላይ ፎቶን በፋይል መልክ መላክ ሳይነካካ እንደ ወረደ ያደርሰዋል የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ስለዚህ ይራቋቸው።

ከስልኩ ጋርም በቀን አቆጣጠር አይስማሙ። እርስዎ የሚያስታውሱት «የጥምቀት ለት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ግድም» ብለው ነው። ስልኩ ጥምቀትን አንዳንዱን ዓመት ጃንዋሪ 19፣ አንዳንዱን ጃንዋሪ 20 ላይ አስቀምጦታል፤ ጠዋት 3 ሰዓትንም 9 ብሎ ነው የያዘው። በመስከረም 2016 የተነሳው ፎቶዎ 2023 ውስጥ ተኝቷል። ጳጉሜን የተወለደች ልጅዎ ሴፕቴምበር ውስጥ ናት። እርስዎ በበዓልና በክረምት፣ ስልኩ በራሱ ቁጥር እየተፈላለጋችሁ ዓመታት ይለፉ።

አራተኛው ደንብ፦ አደራውን ለማያውቁት ሰው ይስጡ። ስልኩን ሲገዙ ጂሜይሉን የከፈተልዎ የሱቁ ልጅ ነው። ፓስዎርዱን ካርቶኑ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎልዎት ነበር፤ ካርቶኑን ልጆች መኪና ሠርተውበታል። ስልኩ ሲጠፋና አዲሱ ላይ «ይህ የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ» ሲባል፣ ማረጋገጫው ቁጥር የሚላከው ለሱቁ ልጅ ነው፤ ልጁ ደግሞ ሲም ቀይሯል። ከዚህ የበለጠ ጥበቃ የት ይገኛል? ባለቤቱ እንኳ አይገባም።

ቦታውም ቢሆን አያሳስብዎ። ጎግል ፎቶስ በ2015 ሲጀምር በመጠኑ የተጨመቀ ፎቶን ያለ ገደብ በነፃ ይቀበል ነበር። ከጁን 1 ቀን 2021 ወዲህ የሚገባው ግን ከ15 ጊጋባይቱ ነፃ ድርሻ ላይ ይቆጠራል፤ 15ቱንም ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር ነው የሚካፈለው። የአፕል አይክላውድ በነፃ የሚሰጠው 5 ነው። ሞልቷል የሚል መልዕክት ሲመጣ «በኋላ» የምትለውን ይጫኑ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አዲስ ፎቶ ባክአፕ እንደማይደረግ ማንም በጆሮዎ አይነግርዎትም። ስልኩ ላይ ቦታ ሲጠፋ ደግሞ «ክላውድ ላይ አለ አይደል» ብለው ጎግል ፎቶስ ውስጥ ገብተው ያጥፉ። እዚያ ያጠፉት ከስልኩም ከክላውዱም አብሮ ይሄዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴትዮ ቢያንስ ቆጡ ላይ ምን እንዳለ ታውቅ ነበር። ባክአፕ የተደረገ ፎቶ ቅርጫቱ ውስጥ 60 ቀን ይቆያል፤ አይፎን ላይ 30 ያህል። አንድ ሰው የጠፋበትን ፎቶ መፈለግ የሚጀምረው በ61ኛው ቀን ነው።

አምስተኛው ደንብ፦ ፎቶ አሳዩ ሲባሉ ስልኩን እንጂ ፎቶውን አያሳዩ። እንግዳ ተቀምጦ «የእማማ ፎቶ የለም እንዴ?» ቢልዎ «ሞልቶ!» ይበሉ። ከዚያ ስልኩን አውጥተው በአውራ ጣትዎ ይግፉ። ገብርኤል ያልፋል። ማዘዣው ያልፋል። ኬኩ፣ ኬኩ፣ ኬኩ። «አሁን እዚህ ጋ ነበረች…» እንግዳው በትሕትና አንገቱን ሰገግ አድርጎ አብሮ ያያል፤ የባንክ ቀሪ ሂሳብዎ ሲያልፍ ያላየ ለመምሰል ሲኒውን ያነሳል። የአንድ ዓመት ክረምት በሁለት ጣት ግፊት ያልቃል። በመጨረሻ «እልክልሃለሁ» ብለው ስልኩን በግንባሩ ይድፉት። እንደማይልኩለት ሁለታችሁም ታውቃላችሁ፤ ጨዋነት ይህ ነው።

አደጋው ፎቶዋ የተገኘች ለት ነው። እንግዳው ቀረብ ብሎ ያያትና «ከእማማ ጎን የቆመችው ማን ናት?» ይላል። ለዚህ የሚሆን መልስ ስልኩ ውስጥ የለም። ስልኩ ፊት ይለያል፤ አንድን ልጅ ከሕፃንነቱ እስከ ጺሙ ተከታትሎ አንድ ቦታ ይሰበስባል። ስሙን ግን አያውቅም፤ «ይህ ሰው ማን ነው?» ብሎ እርስዎኑ ይጠይቃል። መልሱ ያለው የእማማ ታናሽ እህት ዘንድ ነው፤ እሳቸውም ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ስልካቸውም ባለ ቁልፉ ነው። ስድስተኛው ደንብ እንግዲህ ከሁሉ ቀላሉ ነው፦ እሳቸውን አይጠይቁ። የሚቀጥለው ፋሲካ ይሁን ይበሉ። ስልኩን ይዞ ከጎናቸው ተቀምጦ፣ እየጠየቁ፣ ድምፃቸውንም እዚያው እየቀዱ አንድ ከሰዓት ማሳለፍ ከሰው ባሕርይ ውጭ ነው። አሥር ሺህ ፎቶ ያለው ሰው አሥር ስም ለማወቅ እንዲህ አይዋረድም።

ይህን ሁሉ ሰምተው ደንቡን የሚጥሱ እንዳሉ አውቃለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ከሺዎቹ 12 ፎቶ መርጠው፣ ጉርድ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ፎቶ ቤት ሄደው በወረቀት ያሳትማሉ። መዘዙን ልናገር። የታተመ ፎቶ ቻርጅ አይጨርስም፤ ስለዚህ ሰው ያየዋል። ፓስዎርድ የለውም፤ ስለዚህ ሕፃናትም ሽማግሌዎችም ያዩታል። ጀርባው ነጭ ነው፤ ነጭ ወረቀት ያየ ሰው ደግሞ መጻፉ አይቀርም። የቀድሞ ሰዎች ያጠፉት በዚህ ነው፦ «ማስታወሻ ይሁንልኝ» ብለው ስማቸውን፣ ቀኑንና ቦታውን በሰማያዊ ቀለም ያሰፍሩ ነበር። ከዚህ የተነሳ ከአርባ ዓመት በኋላ የልጅ ልጅ ያለ ኢንተርኔት ማን ማን እንደሆነ ለይቶ ይናገራል።

አልበም ያለበት ቤት ሌላም ጣጣ አለው። አንዲት ዘመድ መምጣቷ አይቀርም። ገልጣ ገልጣ አንዷ ላይ ትቆማለች፤ ጥፍሯን ከፕላስቲኩ ሥር አስገብታ ፎቶዋን ሰርስራ ታወጣና «ይቺን እኔ እወስዳለሁ» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታታለች። አትመልስም። መልሳ የምታውቅ ዘመድ የለችም። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው ባለሙያዎች የሚምሉበት ሕግ አለ፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። ይህን ለመፈጸም ሰው ዲስክ ይገዛል፣ ለክላውድ በየወሩ ይከፍላል። ያቺ ዘመድ ግን ከሕጉ ከባዱን ክፍል በነፃ ልትፈጽምልዎ ጫማዋን እያደረገች ነው። ፎቶዎ እንዳይተርፍ ከልብዎ ከፈለጉ በር ላይ ይድረሱባትና ቦርሳዋን ይፈትሹ።