ጎማ እስኪያልቅ

የኒውዮርክ ታይምስ ሰዎች ብልጦች ናቸው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2011 ድረ ገጻቸው ላይ በር ገጠሙና «ከፍላችሁ ግቡ» አሉ፤ በ2022 ደግሞ ዎርድል የተባለውን የቃላት ጨዋታ ገዙ። ደንበኛው ስለ ጦርነት ሊያነብ ይምጣ ቃል ሊገምት፣ ገንዘብ ያዡ ደንታ የለውም።

እኛ ግን ቀድመናቸዋል። አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብ የተለመደው ገና ዱሮ፣ ማንም «ሰብስክሪፕሽን» ሳይል ነው። አንዷን ቅጂ ሥራ ፈላጊው፣ ጡረተኛውና ኳስ ወዳዱ እየተቀባበሉ ይጨርሷታል፤ ገቢው ለአከራዩ፣ የወረቀት ዕዳው ለአሳታሚው። ጨዋታም አልጎደለብንም፤ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያን የሚያህል የዕድል ጨዋታ የት አለ? አሁን ግን እሱም ወደ ቴሌግራም ኮበለለ። ጋዜጣው ራሱ በፒዲኤፍ ተከትሎት ሄዶ እዚያው በነፃ ይታደላል።

ለጋዜጣ የቀረችለት የጨረታ ማስታወቂያ ናት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ጎማ በሐራጅ እስከሸጠ ድረስ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ገጹን የሚሞላበት አያጣም። ስለዚህ ለፕሬሱ ዕድሜ የምትቆረቆሩ ሁሉ፣ ጎማው ቶሎ ቶሎ እንዲያልቅ ጸልዩ። የመንገዱንም ጉድጓድ ለጊዜው አትድፈኑት።