ለጫካው ስፒከር ይግባለት

እስቲ ዛሬ ደግሞ ያልተመሰገኑትን እናመስግን። ቅዳሜና እሑድ «አየር እንቀይር» ብለው ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ሲወጡ፣ ከምሳው ሰሃንና ከውኃው ጀሪካን አስቀድመው ወገብ የሚደርስ ስፒከር መኪና ላይ የሚጭኑትን ማለቴ ነው። እውነታቸውን ነው፤ አየሩን ለመቀየር ወጡ እንጂ ዘፈኑንም እንቀይራለን ብለው ቃል የገቡለት ሰው የለም።

ጫካው እኮ ኋላ ቀር ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ይህን ሁሉ ዘመን ቆሞ አንድ ቤዝ እንኳ አላስገባም! ዛሬም ግንደ ቆርቁሩ ግንድ ይቀጠቅጣል፣ ንፋሱ በጥዱ መሀል ያፏጫል። አውራው ጉሬዛ ንጋት ላይ ሲያገሳ ደግሞ ከኪሎ ሜትር በላይ ይሰማል፤ ያውም ያለ ማይክ። እንዲህ ያለ ድፍረት በዝምታ ይታለፋል? አይታለፍም። የመኪናው የኋላ በር ይከፈትና ሳምንቱን ሙሉ በታክሲ፣ በካፌና በጎረቤት ግድግዳ በኩል ሲሰማ የከረመው ዘፈን ይለቀቅበታል። ጉሬዛው ቤተሰቡን ሰብስቦ ጫካ ለጫካ ይሸሻል። እኛም አስጎብኚውን «እንስሳ የሚባል የለም እንዴ እዚህ?» ብለን እንቆጣዋለን። ከፍለን ገብተናላ!

ዘፈን ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። ሠርግ ቤት ከሙሽራው ሚዜ ቀድሜ እስክስታ የምወርድ ሰው ነኝ።

ደግሞም ፀጥታ አደገኛ ነው። ሰው ፀጥ ባለ ቦታ ከተቀመጠ ያስባል፤ ማሰብ ከጀመረ የቤት ኪራዩ ትዝ ይለዋል፣ ከዚያ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከዚያ አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ ከአንድ ወር በፊት የጠየቀችውና እስከ ዛሬ ያልመለሰላት ጥያቄ። ስፒከሩ ስንት ትዳር እንዳቆመ ማን ያውቃል!

ይበልጥ የሠለጠኑት ግን ተፈጥሮን አይጠሉም፤ በስልክ ብቻ ይወዷታል። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ወፉ ከአናቱ በላይ እየዘመረ፣ ጆሮው ላይ ኤርፎን ሰክቶ «መንፈስ የሚያረጋጋ የወፍ ዝማሬ» የሚያዳምጥ አታጡም። ፏፏቴ ቀርጾ፣ የውኃውን ድምፅ አጥፍቶ፣ ፒያኖ ደርቦበት ቲክቶክ ላይ የሚለጥፈውስ? ሐምሌ ላይ ዶፉ ቆርቆሮውን እየደበደበው ከዩቲዩብ የዝናብ ድምፅ ከፍቶ የሚተኛም አለ። በእሱ እንኳ አልፈርድም፤ የዩቲዩቡ ዝናብ ጣሪያ አያፈስም።

ወፎቹ ይቸገራሉ የምትሉ ካላችሁ፣ እንደ ፈረንጅ አገር ወፍ ይልመዱት! እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ ጥናት በኔዘርላንዷ ላይደን ከተማ ጫጫታ በበዛበት ሠፈር የሚኖሩ ወፎች ከመኪናው ጉርምርምታ በላይ ለመሰማት ድምፃቸውን አቅጥነው እንደሚዘምሩ አሳይቷል። እርግጥ ነገሩ በሳን ፍራንሲስኮ ተገልብጧል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ መኪናውን ከመንገድ ሲያስወጣው፣ የከተማዋ ድንቢጦች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩ፤ ዝቅ ብሎም ከቀድሞው እጅግ ርቆ ተሰማ። ለካ ወፍም ሲጮኽ የኖረው ወዶ አልነበረም። እኛ ግን በዚህ አንሸወድም፤ የድምፁን መጠን አንድ ደረጃ ጨምረን እንቀጥላለን።

ብቻ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ባለ ስፒከሩ ወንድሜ። ከከተማ ሱባ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱም ያንገላታል፤ ነዳጅም በሰልፍ ነው። ያ ዘፈን ደግሞ ሳሎንህ ውስጥም ያው ዘፈን ነው። እባክህ እዚያው ቤትህ ሆነህ ክፈተው፤ የመግቢያውም ብር ይተርፍሃል።