ሦስት መቶ ሺህ ሊትር በአንድ ጣሳ

ባለቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ ስትደርስብኝ በእጄ ማስመሪያ፣ ከፊቴ ደግሞ ገና ያልተከፈተ የቲማቲም ጣሳ ነበር። ጣሳውን አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በወርዱ እለካለሁ፤ ለክቼ በስልኬ አባዛለሁ። በትዳር ዘመናችን ለወጥ ቤት ጉዳይ እንዲህ ስጨነቅ አይታኝ ስለማታውቅ በሩ ላይ ቆማ ጥቂት ታዘበችኝ።

«ምን ሆነሃል?»

«ሦስት መቶ ሺህ ሊትር ይይዛል።»

«ምኑ?»

«ይሄ ጣሳ። ናፍጣ ቢሞላበት።»

ጠጋ ብላ ግንባሬን በእጇ ጀርባ ዳሰሰችው። ካምፓላ የወባ አገር ነው፤ ሰው ሲቀባዥር መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጀርመን የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ለልጃችን ልደት ይዞት በመጣው የአሻንጉሊት ባቡር ነው። ልጁ ሁለት ቀን ተጫውቶበት ወደ ስልኩ ተመለሰ። ባቡሩ አባቱ ላይ ቀረ። እኔ ደግሞ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ አባቴም ሸሚኖ ነበሩ። በእኛ ሰፈር የምድር ባቡር ሠራተኛ እስከ ዛሬ በዚህ የፈረንሳይኛ ቅሪት ነው የሚጠራው። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ እዚያ ባይደርስ ኖሮ ድሬዳዋ ድሬዳዋ አትሆንም ነበር፤ እኔም ምናልባት የገበሬ ልጅ ሆኜ ጤፍ ማረም እችል ነበር። (ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።)

ባቡሩ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። በዚህ ስሌት አንድ ሜትር ከሰባ የሆነ ሰው ሁለት ሳንቲም ይሆናል ማለት ነው። ካንሳንጋ ከሚሠራ አናጢ አንድ አሮጌ የኮምፔንሳቶ በር ገዝቼ ሳሎን ውስጥ በሁለት የእንጨት ማቆሚያ ላይ አጋደምኩት። በሩ ሁለት ሜትር ነው፤ በባቡሩ ዓለም 174 ሜትር መሆኑ ነው። ከሞምባሳ እስከ ካምፓላ ያለውን ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መስመር ሙሉውን ልሥራ ብል ከመሐል ካምፓላ እስከ ናማንቬ፣ ወደ 15 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ በር መደርደር ነበረብኝ። ባለቤቴ አንዱን በር እንኳ የፈቀደችው የቡና ረከቦቷን ቦታ እንደማልነካ ካስማለችኝ በኋላ ነው።

ሰው ሁሉ በትንሹ ባቡር ዙሪያ መንደር፣ ተራራና ዋሻ ይሠራል። እኔ ግን የነዳጅ ዴፖ ካልሆነ አልኩ። ምክንያቱን ጥር 2022 እ.ኤ.አ. ካምፓላ የነበረ ሰው አይጠይቀኝም። የኡጋንዳ ነዳጅ በመርከብ ሞምባሳ ይገባል፤ በቧንቧ እስከ ኤልዶሬትና ኪሱሙ ይመጣል፤ ከዚያ በቦቴ ተጭኖ በማላባና በቡሲያ ድንበር ያልፋል። በዚያ ወር የቦቴ ሾፌሮች የኮቪድ ምርመራ ክፍያ አንከፍልም ብለው ድንበር ላይ ቆሙ። ቤንዚን አንዳንድ ቦታ ሊትሩ ከ10 ሺህ ሽልንግ አለፈ። እኔ ሦስት ማደያ ተሰልፌ በሦስተኛው ተራዬ ሲደርስ «አለቀ» የሚል ካርቶን ተሰቀለ። በቦዳ ቦዳ፣ በሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ደጅ የጠፋው ነዳጅ ቢያንስ ሳሎኔ ውስጥ ይኑር ብዬ ወሰንኩ።

ጣሳው ወርዱ ሰባት ተኩል፣ ቁመቱ አስራ አንድ ሳንቲም ነው። በ87 ሲባዛ ስድስት ሜትር ተኩል ወርድና ዘጠኝ ሜትር ተኩል ቁመት ያለው ታንክ ይሆናል፤ ከ300 ሺህ ሊትር በላይ ይይዛል፤ ስምንት ዘጠኝ ቦቴ ነው። መንግሥት ጂንጃ ያቆመው የመጠባበቂያ ዴፖ 30 ሚሊዮን ሊትር እንደሚችል አውቃለሁና ለባለቤቴ ለማጽናኛ፣ «የአገሪቱ መጠባበቂያ እኮ መቶ ጣሳ ቲማቲም ብቻ ነው» አልኳት። እሷ የሰማችው ግን «መቶ ጣሳ» የሚለውን ነበር።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ታንክ አቆምኩ። ቧንቧውን ከጭማቂ መምጠጫ፣ መሰላሉን ከስቴኪኖ ሠራሁ። ሁሉንም ደስ የሚል አረንጓዴ ቀለም ቀብቼ ዙሪያውን አጸዳሁና ባለሙያ ይይልኝ ብዬ የፊት ለፊት ጎረቤታችንን ምዜን ጠራኋቸው። ምዜ ማለት በስዋሂሊ ሽማግሌ፣ አባት ማለት ነው። ናሉኮሎንጎ ባለው የባቡር ጋራዥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። ሥራ የጀመሩት የሦስቱ አገሮች ባቡር አንድ በነበረበት ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ተኳርፈው ሲለያዩ ፉርጎውንም እንደ ፍቺ ንብረት ሲካፈሉት አይተዋል።

መነጽራቸውን አደረጉ። በሩን አንድ ዙር ዞሩት።

«ሴቦ» አሉኝ በትሕትና፣ ጌታዬ እንደ ማለት ነው፤ «ይሄ ዴፖ መቼ ነው የሚመረቀው?»

«ሥራ ከጀመረ ቆይቷል።»

«አልጀመረም። ዴፖ ሥራ ከጀመረ ይቆሽሻል።»

ከዚያ የክስ ዝርዝሩን ዘረገፉት። ታንክ ነጭ ወይም የብር ቀለም ነው የሚቀባው፣ ፀሐይን ካልመለሰ ቤንዚኑ በንኖ ያልቃል፤ አረንጓዴ የሚቀባ የማርያም ጽዋ ነው እንዴ? (እርግጥ ማርያምን አላነሱም፤ እኔ ነኝ የተረጎምኩት።) ፉርጎው ነዳጅ ሲያራግፍ መሬት ላይ የሚታሰርበት ሽቦ የታለ? አንድ የእሳት ብልጭታ እኮ ሁላችሁንም ነው የሚያነሳችሁ። ቀይ የአሸዋ ባልዲዎቹስ? ጣሪያ ላይ ወጥቶ በዘንግ የሚለካው ሰውዬ የታለ? ከፉርጎ ሥር የተኛውስ? «ከፉርጎ ሥር የተኛ ሰው የሌለበት ዴፖ አላውቅም» አሉ። በመጨረሻም አንገታቸውን ወደ ሐዲዱ አዘንብለው፣ «ይሄ ደግሞ የእኛ ሐዲድ አይደለም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የጀርመኑ አሻንጉሊት ሐዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲባዛ አንድ ሜትር ከ43 ሳንቲም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1896 ከሞምባሳ ተነስቶ በ1931 ካምፓላ የገባው የእሳቸው ሐዲድ ግን፣ እንደ አባቴ የጅቡቲ መስመር ሁሉ፣ ድፍን አንድ ሜትር ነው። ሰፊውን ሐዲድ ከማላባ እስከ ካምፓላ 272 ኪሎ ሜትር ለመዘርጋት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 ከአንድ የቱርክ ኩባንያ ጋር ተፈራርሟል። «ምዜ፣ እኔ መንግሥትን ቀድሜዋለሁ ማለት ነው» አልኳቸው። ሳቁና፣

«ያኛው በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ያንተስ?»

«የእኔም በኤሌክትሪክ።»

«ታዲያ ዴፖው ለማን ነው?»

እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የድሬዳዋ ባቡርም በኤሌክትሪክ ነው፤ አባቴ ቢኖሩ ይህንኑ ነበር የሚጠይቁት። ምዜ ግን ተለሳልሰው፣ በወጣትነታቸው ያዩት ትልቁ ጋራት የሚባለው የእንፋሎት ባቡር ጥቁር ዘይት እንጂ ከሰል እንደማይበላ አጫወቱኝ። ማንችስተር የተሠሩት የ59 ክፍል 34 ባቡሮች እያንዳንዳቸው የአንድ የምሥራቅ አፍሪካ ተራራ ስም ነበራቸው። ዘይት የሚጠጣ ተራራ ካለ ዴፖም ያስፈልጋል። በዚህ ተስማማን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ማቆሸሽ ሆነ። ማቆሸሽ ደግሞ ከማጽዳት እንደሚከብድ ያወቅሁት ያኔ ነው። ሰው ሆን ብሎ ሲያቆሽሽ በልኩ፣ በመስመር ያቆሽሻል፤ እውነተኛ ዘይት ግን ሁልጊዜ የሚንጠባጠበው ቫልቩ ሥር፣ ሰው የሚረግጥበት ቦታ ላይ ነው። የሦስተኛ ቡና አተላ አድርቄ ሞከርኩት፤ ናፍጣ የጠጣ መሬት ቁርጥ እሱን ነው። ቀዩን አፈር በሻይ ማጥለያ ነፍቼ ከግቢያችን አመጣሁ። ካምፓላ ያለ አባ ኮዳ ካምፓላ አትሆንምና፣ ያንን ሐዋሳ ዓሣ ገበያ የምናውቀውን መላጣ ወፍ እንዴት እንደምሠራ ሳስብ ዓይኔ ቅመም መደርደሪያው ላይ አረፈ። ቅርንፉድ! ክብ ራስ፣ ቀጭን ሰውነት፣ ጥቁር ቡናማ ካፖርት። አባ ኮዳ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ በእኔ ስሌት ከሁለት ሳንቲም ትንሽ ያነሰ፣ የቅርንፉድ ልክ። ሰባቱን ታንኩ አናት ላይ ተከልኳቸው። ምዜ ሲያዩዋቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «ካሌ» አሉ፤ ይሁን፣ ደህና ነው እንደ ማለት።

የቀረው ጠጠሩ ነበር። ሐዲድ ሥር የሚፈሰው ጠጠር አንዱ ስድስት ሳንቲም ቢሆን ነው፤ ለ87 ሲካፈል ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ቅንጣት ይሆናል። አሸዋ ሞከርኩ፤ ያብለጨልጫል። ሰጋቱራ ሞከርኩ፤ ይንሳፈፋል። አንድ ሌሊት፣ ሁሉም ተኝቶ፣ እጄ ራሱ ወደ ማሰሮው ሄደ። አማቴ ከአዲስ አበባ በሰው ሻንጣ የላኩት ቀይ ጤፍ! ካምፓላ ውስጥ የሻንጣ ጤፍ ምን እንደሆነ በውጭ የኖረ ያውቃል፤ ቤት ውስጥ ካለው ወርቅ ቀጥሎ የሚቆጠር ነገር ነው። አንድ ብርጭቆ ብቻ ወሰድኩ። በሐዲዱ ግራና ቀኝ በትኜ፣ በእርሳስ ጫፍ አስተካክዬ፣ በውኃ የቀጠነ ኮላ በስሱ አንጠባጠብኩበት። ጠዋት ሳየው ልቤ ዘለለ። ከድሬዳዋ ጣቢያ ቆርጠው ያመጡት ነው የሚመስለው።

ምዜ ግን አንድ ክስ ቀርቷቸው ነበር። «ግድቡስ?» ታንክ ቢፈነዳ የሚፈሰውን የሚይዘው የዙሪያ ግንብ ማለታቸው ነው፤ ከትልቁ ታንክ ይዞታ 110 በመቶ መያዝ አለበት። ከወፍራም ካርቶን ሠራሁላቸው፤ ለካሁ፤ እንዲያውም 115 አደረግሁት። «ተፈትኗል?» አሉ። ማንንም ልከለክል ሳልችል፣ ልጄ የቲማቲሙን ጣሳ ሙሉ ውኃ ገልብጦበታል።

ግድቡ ለአራት ሴኮንድ ያህል ያዘ። ከዚያ ካርቶኑ ራሰ፣ ግንቡ ዘመመ፣ ሦስት መቶ ሺህ ሊትሩ በሐዲዱ ላይ ተንዶ ወደ ጣቢያው ነጎደ። አባ ኮዳዎቹ ብቻ ደርቀው ቀሩ። ምዜ ሰዓታቸውን አይተው፣ «እውነተኛውም ከዚህ ብዙ አይቆይም ነበር» አሉና ሻያቸውን ጠጡ።

በማግስቱ ለአስር ቀን ወደ ጉሉ ለሥራ ሄድኩ፤ በሩን እንዳለ በላስቲክ ሸፍኜው። ስመለስ ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቆማለች። ፊቷ ላይ ያለውን ነገር ቁጣ ልበለው ሳቅ መለየት አቃተኝ።

«ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ» ብላ ላስቲኩን ገለጠችው።

ሐዲዱ ግራና ቀኝ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኗል። ቀጫጭን፣ ለስላሳ ቡቃያ። ፉርጎዎቹ እስከ ግማሻቸው ድረስ ተውጠዋል።

«ሣሩን ከየት አመጣኸው?» አለች፤ መልሱን ማሰሮዋ እንደነገራት ግን ታውቋል።

ምዜ ተጠርተው መጡ። ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ካሴሴ የሚሄደው መስመር ባቡር ከተወው ወዲህ ሣር የዋጠው መሆኑን ያየ ሰው ለምን ዝም እንዳሉ ይገባዋል። ቀና ሲሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «አሁን ትክክል ነው» አሉ። «አትንካው።»

ባለቤቴ ግን ስልኳን አውጥታ እናቷን በቪዲዮ ጠርታለች። አማቴ የጎጃም ገበሬ ልጅ ናቸው። ስልኩን በሐዲዱ ላይ አሳለፈችላቸው፤ ታንኮቹን፣ ፉርጎዎቹን፣ ቅርንፉዶቹን ሁሉ። ነገሩን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ከወዲያ በኩል ድምፃቸው መጣ።

«ቆይ ቆይ፣ ወደ ኋላ መልሺው እስቲ። እዚያ ጣሳው አጠገብ። ይሄ እኮ አረም ገብቶበታል! አንተ ልጅ፣ ጤፍ እንዲህ ይተዋል እንዴ? ዛሬውኑ እረመው።»

ባለቤቴ ምንም ሳትል ወረንጦዋን አምጥታ ሰጠችኝ። ምዜ የስልካቸውን መብራት አብርተው ያዙልኝ። ሁለት ሳንቲም ቁመት ያለው፣ ከፉርጎው ሥር የተኛው ሰውዬ አጠገብ ጀመርኩ።